ኦክቴን ጉልበት አይደለም

አሮጌ ስፖርት መኪና የሚያሻሽጡ ደላሎች «ይቺ ሱፐር ካልሆነ አትነካም» የምትል አባባል አለቻቸው። አባባሏ ዋጋ ትሰቅላለች። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የተበላሸን በሌላ መተካት ከብዷል፤ ነገሩን አጣርቶ መግዛት ይበጃል።

ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ሻማ ሳይለኩሰው በግፊት ብቻ እንዳይፈነዳ የሚቋቋምበት አቅም ነው። ኮምፕሬሽኑ 8 ለ1 ለሆነ ሞተር ኦክቴን ማሳደጊያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። እንደ መርሴዲስ 280 ኤስኤል ያለው 9.5 ለ1 ግን ሱፐር ይጠይቃል። ማኑዋሉ የየት አገር እንደሆነም ይታይ፤ የአሜሪካ 91 በአውሮፓ አለካክ 95 ገደማ ነው። በዚህች ልዩነት ስንቱ ተከራክሯል!

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ኦክቴንም ሳያንኳኳ ሊውል ይችላል። ገዢን የሚያሞኘው ይኸው ነው። ያው መኪና ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ፣ ሙቀቱና ወፍራሙ አየር ተደምረው፣ ዳገት ላይ ማንኳኳት ይጀምራል። ችላ ከተባለ ፒስተን ይበሳል። ታይሚንጉን ትንሽ ማዘግየት ሞተሩን ያተርፋል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። ሻጩ ለዚህ ዋጋ ካልቀነሰ እኔ አልገዛውም።