አዲሱ ታብሌት አልተበላሸም

የእኅቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አክስቷ ከአሜሪካ የላከችላትን የሲም ካርድ ቦታ የሌለው ታብሌት ከፍታ፣ ከዋይፋይ አገናኝታ፣ አካውንቷን ካስገባች በኋላ፣ የክፍል ጓደኞቿ በስልካቸው የሚያጠኑበትን የፈተና መለማመጃ አፕሊኬሽን በጉግል ፕሌይ ፈለገች፤ አጣችው። «ጋሼ፣ ተበላሽቶ ነው የመጣው» አለችኝ። እኔ ዛሬ ነገ ስል እርሷ በሁለተኛው ሳምንት ጥገና ቤት ወስዳ ፎርማት አስደረገችው። ፎቶ እያነሣች ያከማቸችው የፊዚክስ ማስታወሻ ሁሉ ጠፋ፤ አፕሊኬሽኑ ግን አሁንም አልተገኘም።

ሊገኝም አይችልም ነበር። እያንዳንዱ የአንድሮይድ አፕሊኬሽን ማኒፌስት የሚባል ፋይል ይይዛል። አፕሊኬሽኑ የሚሠራበት ዝቅተኛው የአንድሮይድ እትምና ከመሣሪያው የሚጠብቃቸው ክፍሎች በዚህ ፋይል ተመዝግበዋል። ጉግል ፕሌይ ይህን ከመሣሪያው ጋር ያመሳክርና የማይገጥመውን ከፍለጋው ውጤት ያስቀራል። አካውንቱ የተመዘገበበት አገርም እንዲሁ ሊያግድ ይችላል። ፎርማት ማድረግ ከእነዚህ አንዱንም አይለውጥም። (የአማዞን ፋየር ታብሌት ነገር ግን ሌላ ነው፤ መሠረቱ አንድሮይድ ይሁን እንጂ ሲሸጥ ጉግል ፕሌይ የለውም።)

በዚያው አካውንት ከኮምፒውተር ገብቼ የአፕሊኬሽኑን ገጽ ብከፍት ለታብሌቱ እንደማይስማማ በግልጽ ተጽፏል። ከሚጠይቃቸው ፈቃዶች መካከል ስልክ የመደወል ፈቃድ ይገኝበታል። ምክንያቱን በጓደኛዋ ስልክ ላይ አየሁት፤ ለአዘጋጆቹ የሚደወልባት አንዲት ቁልፍ አለች። ፕሮግራመሩ ይህን ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ጉግል ፕሌይ አፕሊኬሽኑ ያለ ስልክ አይሠራም ብሎ ይተረጉመዋል። በዚህም ሲም የማይቀበሉ ታብሌቶች ሁሉ ሳይታሰብ ከደጅ ይቀራሉ።

አንዳንዶች «ፋይሉን በቴሌግራም ተቀብሎ መጫን ነው» ይላሉ። ማጣሪያው ያለው በመደብሩ ላይ ስለሆነ ይህ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። ይሁን እንጂ ከማን እጅ እንደመጣ ያልታወቀ ፋይል መጫን አደጋ አለው፤ እኔ የምቀበለው አዘጋጁ ራሱ ያቀረበው ከሆነ ብቻ ነው።

በእኔ አስተያየት ዋናው ጥፋት የተማሪዋም የጥገና ባለሙያውም አይደለም። በኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ያላችሁ ወጣቶች ነገ እንዲህ ያለውን አፕሊኬሽን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። በማኒፌስቱ ውስጥ ስልክ ግዴታ አለመሆኑን የምትገልጽ አንዲት መስመር መጨመር በቂ ነው። ከዚህም የሚሻለው ቁጥሩን በመደወያው ሰሌዳ ላይ አሳይቶ መደወሉን ለተጠቃሚው መተው ነው፤ ለዚህ ፈቃድ ጭራሽ አያስፈልግም። አፕሊኬሽኑን በራሳችሁ አዲስ ስልክ ላይ ብቻ ሞክራችሁ ከላካችሁት ግን ታብሌት የያዘውን ተማሪ ፈጽሞ አታዩትም፤ እርሱም ቅሬታውን የሚጽፍበት ገጽ በፍለጋው አይመጣለትም።

ለአዘጋጆቹ ይህንኑ ጽፌላቸዋለሁ። የእኅቴ ልጅ እስከዚያው የፊዚክሱን ማስታወሻ ከጓደኛዋ ደብተር እየገለበጠች ነው።