ሩጫው አስቀድሞ ለቅሶ ቤቱን ያስፈቅድ

ክረምት ሲከብድ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሰው ዓይኑን ወደ ሰሜን ይጥላል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥታ ሊሆን ይችላል፤ እንጦጦ ከጠቆረ ግን ወንዝ ዳር ያለው ጎረቤታችን ዕቃውን ከመሬት ማንሳት ይጀምራል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከላቸው አዲስ አበባ ከነአስፋልቷና ከነቆርቆሮዋ ተዘርግታለች። አስፋልት ውኃ አያሰርግም። ቦዩን ደግሞ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ደፍኖታል። ላይ የዘነበው ሁሉ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ ተጠራርጎ፣ የፋብሪካ ፍሳሽና የከተማ ቆሻሻ ይዞ፣ በእኛ በኩል አልፎ ነው አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚገባው። ወንዙ ሞልቶ ሲወጣ የሚያገኘው የጎመንና የሰላጣ ማሳ፣ የጭቃ ቤትና የከብት በረት ነው።

በዚሁ ቁልቁለት ሌላም የሚወርድ አለ። አትሌቶቻችን ለዳገቱና ለስሱ አየር እንጦጦ ይወጣሉ፤ ፍጥነት መሥራት ሲፈልጉ ዝቅ ወዳለው የአቃቂ አስፋልት ይወርዳሉ። ጎርፍም ሩጫም ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደሉም። እኔም ከቂሊንጦ ሆኜ አንድ ጥያቄ በየክረምቱ ማግስት ይከነክነኛል። ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ሰው ጭቃውን ዝቆ ሳይጨርስ፣ ከተማው ቲሸርት ለብሶ መሮጥ ይገባዋልን?

ሁለት መልስ ይሰማል። አንደኛው «ሕይወት ይቀጥላል፤ ሩጫ ያበረታል» ይላል። ሁለተኛው «ሰው እያለቀሰ መሮጥ ነውር ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ሐዘንተኛውን ሳይጠይቁ ስለ እሱ ይፈርዳሉ።

አገራችን ለዚህ ሥርዓት አላት። ሠርግ የደገሰ ሰው ጎረቤቱ ሐዘን ሲደርስበት ምን እንደሚያደርግ እናቶቻችን ያውቃሉ። ሽማግሌ ይዞ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። «ቀናችን ደርሶብናል፤ ምን ትሉናላችሁ?» ይላል። ሐዘንተኛው ብዙውን ጊዜ «የእናንተ ደስታ የእኛም ነው፤ ቀጥሉ» ብሎ ይመርቃል። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ከለቅሶ ቤቱ በር ራቅ ብሎ ይተከላል፤ ዘፈኑ ዝግ ይላል፤ ከድግሱም ለሐዘንተኞቹ ይላካል። በማግስቱ ሁለቱ ቤቶች እንደ ቀድሞው ቡና ይጠራራሉ። ሳያስፈቅዱ የጨፈሩ እንደሆነ ግን ያ ቂም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሩጫም በዚህ ሥርዓት መዳኘት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ኒውዮርክ በ2005 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን የመታው ጥቅምት 19፣ ሰኞ ነበር። ማራቶኑ የተቀጠረው ለዚያው ሳምንት እሑድ፣ ጥቅምት 25 ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በዚያ ሩጫ የእኛዋ ፍሬሕይወት ዳዶ አሸንፋ፣ ብዙነሽ ደባ ሁለተኛ ወጥታ ነበር። ለአትሌቶቻችን የጎዳና ሩጫ እንጀራ ነው፤ ለአንድ ማራቶን ወራት ሙሉ የለፋ ሰው ቀኑ ሲሰረዝበት የሚያጣው ቀላል አይደለም። ከንቲባው ማይክል ብሉምበርግም ሩጫው ይካሄዳል አሉ።

ይሁን እንጂ ሩጫው የሚነሳው ስታተን አይላንድ ከምትባለው የከተማዋ ክፍል ነበር፤ በዚያች ደሴት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ሰዉ መብራት ጠፍቶበት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሴንትራል ፓርክ ለማራቶኑ ድንኳኖች ጄኔሬተር ተደርድሮ አየ። አንድ የሆቴል ባለቤት ደግሞ ቤታቸው የፈረሰባቸውን ሰዎች አስወጥቼ ለሯጭ ክፍል አልለቅም አለ። ሩጫው ዓርብ ዕለት ተሰረዘ። እሑድ ደግሞ ለመወዳደር የመጡ ብዙ ሯጮች ምግብና ልብስ በጀርባቸው አዝለው ወደዚያችው ደሴት ተሻገሩ፤ ቤት ለቤት እየዞሩም አከፋፈሉ። ችግሩ ሯጮቹ አልነበሩም። ሐዘንተኛው የተቆጣው እሱ ያጣው መብራትና አልጋ ለሩጫው ሲመደብ ስላየ ነው።

ከ12 ዓመት በኋላ በዚያው በጥቅምት 19 ቀን በስፔን ቫሌንሲያ ጎርፍ ከ220 በላይ ሰው ገደለ። ልክ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017፣ የእኛው ዮሚፍ ቀጄልቻ በዚያች ከተማ ግማሽ ማራቶን በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። ማራቶኑ የተቀጠረው ለኅዳር 22 ነው። ይካሄድ፣ አይካሄድ የሚል ክርክር ተነሳ፤ በመጨረሻ ለተጎጂዎች ገንዘብ እየተሰበሰበበት ተካሄደ። በሴቶች ያሸነፈችው መገርቱ ዓለሙ ነበረች።

በኒውዮርክ ያልተቻለው በቫሌንሲያ የተቻለበትን ምክንያት ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1957 ከባድ ጎርፍ ከመታት በኋላ ቫሌንሲያ በመካከሏ ያልፍ የነበረውን የቱሪያ ወንዝ ወደ ደቡብ አዙራዋለች። አሮጌው የወንዝ መውረጃ ዛሬ መናፈሻ ነው፤ የማራቶኑ ማብቂያም እዚያው ነው። በ2017ቱ ጎርፍ አዲሱ መውረጃ ከተማዋን አዳናት፤ የሞቱት አብዛኞቹ ከዚያ ማዶ፣ እንደ ፓይፖርታ ባሉ የደቡብ ከተሞች ነበሩ። በጎርፉ ማግስት የከተማዋ ወጣት አካፋና መጥረጊያ ተሸክሞ በእግረኛ ድልድይ ወደዚያ ጎርፏል። ሩጫው ሲደርስ ከአደጋው 33 ቀን አልፎ ነበር፤ በኒውዮርክ ያለፈው ስድስት ቀን ብቻ ነው። ሯጩ የረገጠውም ከጉዳት የተረፈውን የከተማዋን አስፋልት እንጂ ጭቃው ገና የሚዛቅበትን መንደር አልነበረም። ድንኳኑ ከለቅሶ ቤቱ በር ራቅ ብሎ ተተክሏል ማለት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ተራራው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት የተቀበሩትን ሊያወጣ በእጁና በአካፋ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጥቶ የረዳውንም ቀበረው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሐምሌ 20 ጀምሮ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። የፓሪስ ኦሊምፒክ የተከፈተው በዋዜማው ነበር። ነሐሴ 4 ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። አገር በደስታ አለቀሰ፤ እኔም አብሬ።

ያ ደስታ ነውር አልነበረም። ፓሪስ ከገዜ ጎፋ አንድ አካፋ አልወሰደችም፤ አንድ አምቡላንስ አላዘገየችም። የሚያሳዝነኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወሬያችን ወደ ሜዳሊያው ሲዞር የኬንቾ ሻቻ ስም ከአፋችን ጠፋ። ሠርጉ ደምቆ ከድግሱ ወደ ለቅሶ ቤት የተላከ ነገር ሲጠፋ እንዲህ ነው።

ደስታ ሐዘንን ሲሸፍን ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። መስከረም 2 ቀን 1977 ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲያከብር፣ የወሎና የትግራይ ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ግንቦት 17 ቀን 1978፣ ሱዳናዊው ሯጭ ዑመር ኸሊፋ ከአገሩ የተረጂዎች መጠለያ የተለኮሰ ችቦ ይዞ ኒውዮርክ ከተባበሩት መንግሥታት ደጅ ደረሰ። በዚያ ቀን በ89 አገሮች ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ለአፍሪካ ድርቅ ተጎጂዎች ሮጠ። ድግሱ ረሃቡን ከዓለም ዓይን ለመሰወር ሞከረ፤ ሩጫው ግን ዓለም ተጎጂዎቹን እንዲያስብ አደረገ።

አሁን ስለ አካባቢዬ ልናገር። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የኅዳር ወር ድምቀት ሆኗል፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መስቀል አደባባይን ይሞላል። ኅዳር ደግሞ ጎርፍ የመታው ቤት ገና የሚጠገንበት ወቅት ነው። ይህ ሩጫ ይቅር አልልም፤ ልጆቼም ይወዱታል። የምለው፣ ጎርፍ በጠናበት ዓመት አንድ ሩጫ ወደ ታች ይውረድ ነው። ቦታው አለን። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚሁ ናቸው፤ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችም፣ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮቻችን ወጣትም እንዲሁ።

ግን በሥርዓቱ ይሁን። ቀኑን ጎርፍ የመታቸው ሰፈሮች ዕድሮች ይቁረጡ፤ ከአርባ ቀን በፊትም አይሁን። መስመሩ ጭቃ በሚዛቅበት ሰፈር አይለፍ። ለሩጫው የሚመደበው የውኃ ቦቴ፣ አምቡላንስና ፖሊስ ለተጎጂው የሚያስፈልግ ከሆነ ሩጫው ይቆይ። ከቲሸርቱ ሽያጭ ለተጎጂ የሚውለው ድርሻ አስቀድሞ ይነገር፤ በሩጫው ማግስት በዕድሩ ስብሰባ ፊት በይፋ ይረከብ። ውኃና ሙዝ የሚገዛው ማሳው ከተበላሸበትና ሱቁ ከጠለቀበት የአካባቢው ሰው ይሁን። ሩጫው በዓመቱም ተመልሶ የተሠራውን ይይ።

«ችግረኛ እንዴት እምቢ ይላል? ብር አምጥቼልሃለሁ እያሉት ፈቃድ መጠየቅ ማስገደድ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ትልቅ ተቃውሞ ነው። ለዚህ ነው ጥያቄው በወረዳ ደብዳቤ ሳይሆን በዕድር ይሂድ የምለው። ዕድር ሐዘንተኛው ራሱ በየወሩ ከኪሱ እየከፈለ ያቆመው ቤት ነው፤ ዳኛውን የመረጠው እሱ ነው። በስብሰባው «ዘንድሮ አይሆንም» ለማለት ማንንም አይፈራም። ዕርዳታውም በሩጫው ላይ አይንጠልጠል፤ ሩጫው ቢቀር እንኳ ለተጎጂ ቃል የተገባው ገንዘብ ይድረሰው። እምቢታው ምንም የማያስቀርበት ሰው ብቻ ነው «እሺ» ሲል የሚታመነው።

ይህ ደንብ የሚጻፈው ደግሞ በበጋ ነው። ኒውዮርክ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ጭንቅ ውስጥ ለመወሰን ሞክራ ሁሉንም አስቀየመች። ጎርፍ ከመጣ በኋላ አዘጋጁ የተከፈለ ስፖንሰር፣ ከንቲባው የተሰጠ ቃል፣ አትሌቱ የተያዘ ቀጠሮ ያስጨንቀዋል፤ ለቅሶ ቤቱን የሚያስታውስ ይጠፋል። የክፍለ ከተማው አስተዳደር፣ የሩጫ አዘጋጆችና የዕድሮቻችን ዳኞች እንጦጦ ከመጥቆሩ በፊት ይቀመጡ። ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚመልስ፣ ብሩ በማን እጅ እንደሚገባ በወረቀት ይስፈር። ያኔ የተጎዳው ጎረቤታችን ሩጫውን የራሱ አድርጎ ይጠብቀዋል፤ እኛም በንጹሕ ልብ እንሮጣለን።