ማንኮራፋት የሀብታም በሽታ ነው?

ሰሞኑን ያነበብኩት ጽሑፍ ፍርዱ አጭር ነው፦ በማንኮራፋት የሚታወቀው በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ የወፍራም ከተሜዎች ጣጣ ነው፤ የላስታ አስም ሕመምተኛ ሳልቡታሞሉን ይንፋ፣ የተራራው ንጹሕ አየር የቀረውን ይጨርስለታል።

ንጹሕ አየር? ጸሐፊው ጭስ የሞላው ጎጆ ውስጥ አድረው አያውቁም ማለት ነው። ደግሞም የላስታዋ ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር የደም ኦክስጅን ይበልጥ ያሽቆለቁላል።

ቀጭን ሰውም ጉሮሮው ከጠበበ ሌሊት ይታፈናል። የአስም ሕመምተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ አፍንጫው በአለርጂ የተደፈነ ነው፤ የስቴሮይድ ክኒኑን ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ከዋጠም ክብደት ይጨምራል፤ ሁለቱም መታፈኑን ይጋብዛሉ። ሳልቡታሞል የሳንባን ቧንቧዎች ይከፍታል እንጂ የጠበበ ጉሮሮን አይከፍትም። ሌሊቱን ሲታፈን አድሮ «ዱካክ ተጫነህ» የተባለው ስንቱ ነው!

ጸሐፊው ስለ ትንፋሽ መቋረጥ ማከሚያው ማሽን «አስምን ያባብሳል» ያሉትስ? አውስትራሊያዊው ኮሊን ሰሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ሲፓፕ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት ያቆያል። አስምም የትንፋሽ መቋረጥም ባለባቸው ሰዎች የአስም ምልክቶችን እንደሚያቀል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የሚነፋውን የአስም ስቴሮይድ ግን አይተካም። ዋጋው ውድ ነው፣ መብራትም ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። በጎን መተኛትና አፍንጫን ማከም ግን ቆጣሪ አይጠይቁም።

ላሊበላ አቅራቢያ ያለውን የነአኩቶ ለአብ ገዳም ጠበል ሊጠጣ እያለከለከ የሚሄደውን ምእመን ሐኪሙ «ታንኮራፋለህ?» ቢለው ምን ይከስራል? እሱ ከካደ ሚስቱ ትጠየቅ።