ሁለት ገና በአንድ ደመወዝ፦ የበዓል ወጪ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ

በካሊፎርኒያ በበርክሌ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የበዓል ሰሞን ከኅዳር እስከ ጥር ይዘልቃል። አሜሪካውያን ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና ቀን የዋለው ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ የነቢያት ጾም ከተያዘ ሦስት ቀን ብቻ ተቆጥሮ ነበር። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ቀን ሲከበርም ጾሙ አልተፈታም። ልጆች እንደ ትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ስጦታ ይጠብቃሉ፤ ወላጆች ደግሞ ዶሮውንና ቅቤውን ለታኅሣሥ 29 ያቆያሉ። አንዱ በዓል ሌላውን አይተካም፤ የሁለቱም ወጪ የሚሸፈነው ግን ከአንድ ደመወዝ ነው።

በዚህ ላይ ሦስተኛ ወጪ ይጨመራል፤ እርሱም ለአገር ቤት የሚላከው የበዓል ገንዘብ ነው። ይህን ወጪ የሚመለከት አዲስ ሕግ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የተፈረመው የግብርና የወጪ ሕግ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ የ1 በመቶ ግብር ጥሏል። ግብሩ ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ገና ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ይሁንና የሕጉ ዝርዝርና የቤተሰቦች ሒሳብ አብረው ሲታዩ የበዓሉን ወጪ የሚያከብደው ግብሩ ብቻ አይደለም።

ግብሩ የሚነካው ማንን ነው?

ግብሩ የሚከፈለው ላኪው በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በባንክ በተዘጋጀ ቼክ ሲልክ ነው። በአሜሪካ ባንክ ካለ ሒሳብ፣ ወይም በአሜሪካ በተሰጠ የዴቢት ወይም የክሬዲት ካርድ የሚላክ ገንዘብ ነፃ ነው። 300 ዶላር በጥሬው የሚልክ ሰው 3 ዶላር ይጨምራል፤ ከባንክ ሒሳቡ የሚልክ ሰው በዚህ ግብር ምክንያት የሚከፍለው የለም። ስለዚህ ሸክሙ የሚወድቀው በተለይ ገና ባንክ ባልከፈቱ አዲስ መጤዎችና ደመወዛቸውን በጥሬ ገንዘብ በሚቀበሉ ሠራተኞች ላይ ነው።

ካርድ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። በክሬዲት ካርድ የተላከ ገንዘብ ከግብሩ ነፃ ቢሆንም፣ ብዙ የካርድ ሰጪ ባንኮች የገንዘብ ዝውውርን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። ያን ጊዜ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ ወለዱም ያለ እፎይታ ጊዜ ከዚያው ቀን ጀምሮ መቁጠር ይጀምራል። በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ አማካይ ዓመታዊ ወለድ ከ20 በመቶ በላይ ነው። 1 በመቶ ለማምለጥ ሲባል የበዓሉን ገንዘብ በዕዳ መላክ ትንሹን ወጪ ሸሽቶ ትልቁን መጋበዝ ነው።

ከግብሩ የሚበልጠው ሌላው ወጪ የማስተላለፊያው ዋጋ ነው። የዓለም ባንክ እንደሚለው 200 ዶላር ለመላክ በዓለም ዙሪያ የሚከፈለው አማካይ ዋጋ ከ6 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ከሰሃራ በታች ወዳሉ አገሮች ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ግብ እስከ 2030 ድረስ ወደ 3 በመቶ ዝቅ እንዲል ያሳስባል። ዋጋው ሁልጊዜ በደረሰኝ ላይ አይታይም፤ ከምንዛሪው ውስጥ ይደበቃል። ለምሳሌ ሁለት ድርጅቶች በአንድ ዶላር የ5 ብር ልዩነት ቢኖራቸው፣ በ300 ዶላር ላይ ልዩነቱ 1,500 ብር ይሆናል። ዶላሩ በ150 ብር ሲታሰብ ይህ 10 ዶላር ነው፤ ከአዲሱ ግብር ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ያደገው ቁጥር

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከመፍቀዱ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በ2025 መጨረሻ 150 ብር አካባቢ ነበር። ያን ጊዜ 100 ዶላር 5,700 ብር ገደማ ያስገኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ 15,000 ብር ተጠግቷል። በዚህ ምክንያት ከውጭ ያለው ወገን «ያው መቶ ዶላር ከበፊቱ የበለጠ ይሠራል» ብሎ ያስባል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለው ተቀባይ ግን ዶሮውን፣ ቅቤውንና ዘይቱን የሚገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው። የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት በ2022 ከነበረበት ከ30 በመቶ በላይ መቀነሱ እውነት ነው። ንረቱ ቀነሰ ማለት ግን ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ የገበያው ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም።

በዚህኛው ወገን ደግሞ በአገር ቤት ብዙ ጊዜ የማይታወቅ ሒሳብ አለ። በበርክሌ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በ2025 መጨረሻ 19.18 ዶላር ነበር። በዚህ ክፍያ 300 ዶላር ለመላክ፣ ግብርና ቤት ኪራይ ሳይታሰብ፣ ወደ 16 ሰዓት ገደማ መሥራት ያስፈልጋል። ቤት ያለው ሰው የመጀመሪያውን የንብረት ግብር እስከ ዲሴምበር 10 ካልከፈለ ቅጣት ይጠብቀዋል። እንደ ኡበርና ሊፍት ባሉ ድርጅቶች የሚሠሩ ሾፌሮችን የመሰሉ የግል ሠራተኞች የዓመቱን የመጨረሻ የቅድሚያ ግብር የሚከፍሉበት ቀን ጃንዋሪ 15 ነው፤ ከገና ስምንት ቀን በኋላ፣ ከጥምቀት አራት ቀን በፊት። በካቨርድ ካሊፎርኒያ በኩል የጤና መድን ለሚገዙ ቤተሰቦችም ተጨማሪው የፌደራል ድጎማ በ2025 መጨረሻ ስላበቃ የጃንዋሪ 2026 ክፍያ ለብዙዎች ጨምሯል። የ2026 የምዝገባ ጊዜ ጃንዋሪ 31 ይዘጋ ስለነበር ዕቅድን ማነጻጸር ከበዓሉ ሽርጉድ በኋላ የሚተው ጉዳይ አልነበረም።

ዕቁብና ቅርጫ የሚያስተምሩት

ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነት ወጪ የሚያስተዳድሩበት ልማድ አላቸው። ቅርጫ አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለውን በሬ ጎረቤት ተዋጥቶ እንዲገዛና ሥጋውን በመደብ እንዲከፋፈል ያደርጋል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን የሚያውቀው በሬው ሳይገዛ ነው። ዕቁብም እንዲሁ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚገባውን መጠን አስቀድሞ ይቆርጣል። አሜሪካውያንም ተመሳሳይ ነገር አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 በፔንሲልቬንያ ካርላይል ከተማ የሚገኝ ባንክ ደንበኞች ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት አጠራቅመው ለገና የሚያወጡበትን ቁጠባ ጀመረ፤ ዛሬም አንዳንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበራት አገልግሎቱን ይሰጣሉ።

ሁለቱ ልማዶች በጥንቃቄ ይለያያሉ። ዕቁብ የሚቆመው በመተማመን ነው፤ ዳኛው ወይም አባሉ ቢጠፋ ገንዘቡን የሚመልስ የመንግሥት ዋስትና የለም። በባንክ ወይም በብድርና ቁጠባ ማኅበር የተቀመጠ ገንዘብ ግን እስከ 250,000 ዶላር ድረስ የፌደራል ዋስትና አለው። የሁለቱም ፍሬ ነገር ግን አንድ ነው፤ የበዓል ወጪ ድንገተኛ አይደለም፣ ቀኑ ይታወቃል። ለሁለቱም ገናና ለአገር ቤት በጠቅላላው 1,200 ዶላር የሚያወጣ ቤተሰብ ከጥር ጀምሮ በየወሩ 100 ዶላር ቢያስቀምጥ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ካርድ መምዘዝ አያስፈልገውም።

አስቸጋሪው ክፍል ግን ሒሳቡ አይደለም፤ ንግግሩ ነው። ላኪው የካርድ ዕዳውን ለመናገር ያፍራል፤ ተቀባዩም ባለፈው ዓመት የተላከው ምን ያህል እንደገዛ በግልጽ አይናገርም። «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት የተደወለው ስልክ በዋዜማው የገንዘብ ጥያቄ ሲሆን፣ አንዱ ወገን ቃል ይገባል፣ ሌላው ባልደረሰ ገንዘብ ዱቤ ይወስዳል። መጠኑ ከመስከረም ጀምሮ ቢቆረጥና ለእናት፣ ለወንድም ወይም ለአክስት የሚደርሰው ተለይቶ ቢታወቅ፣ ትንሽ ቢሆን እንኳ ተቀባዩ በልኩ ገበያ ይወጣል። አዲሱ ሕግ ለዚህ ንግግር ምክንያት ከሆነ፣ ቤተሰቦች ከግብሩ ከሚያተርፉት ሦስት ዶላር የበለጠ ይጠቀማሉ።