ደሙ ሳይፈስ እንድረስ

የጉንደ ወይንና የዙሪያዋ ሰዎች፣

ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ የሞተ ሕፃን፣ ጉልበቱ እያበጠ ኖሮ አንካሳ ሆኖ የቀረ ልጅ በየመንደሩ ይታወሳል። እርግማን ነው ይባል ነበር። አንዳንዶቹ ሄሞፊሊያ የነበረባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ የነበሩት አይወቀሱም፤ መድኃኒቱን አያውቁትም ነበር። እኛ ግን እናውቀዋለን።

ሕመሙ ደም የሚያረጋው ፋክተር የተባለው ፕሮቲን በተፈጥሮ ሲያንስ የሚመጣ ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነት ከ5,000 ወንዶች በግምት በአንዱ ላይ ይገኛል። ወንድ ልጅ የሚወርሰው በእናቱ በኩል ነው፤ እናቲቱ ራሷ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይባትም። ለጋብቻ ሰባት ቤት የምትቆጥሩ አባቶችና እናቶች፣ በዚህ ዕውቀታችሁ አሁን በሴት በኩል ቁጠሩልን። ከእናቱ ወንድሞች፣ ከእናቱ እኅት ልጆች መካከል ደሙ አልቆም ያለ ነበር? ካለ፣ ልጁ ከመገረዙ በፊት ሐኪም ይየው። እናቱንም ማንም አይውቀስ። ከሦስት ታማሚ አንዱ በቤተሰቡ ታሪክ የለውምና፣ ያለ ምክንያት መገጣጠሚያው የሚያብጥ ልጅም ይመርመር። እስኪመረመር ድረስ ወጌሻ አይሸው፣ እንጥሉ አይቆረጥ፣ አስፕሪን አይስጡት፤ ጡንቻው ላይ መርፌ ከመወጋቱ በፊትም ለጤና ባለሙያው ይነገር።

ደም ሲፈስ ብቻ ማከም መገጣጠሚያን ሁልጊዜ አያድንም። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ላይ፣ አስቀድሞ ፋክተር በየጊዜው ከተሰጣቸው ሕፃናት 93 በመቶው በ6 ዓመታቸው መገጣጠሚያቸው ጤናማ ነበር፤ ሲደሙ ብቻ ከታከሙት ግን 55 በመቶው። መድኃኒቱ ውድ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በቻይና፣ በሕንድና በታይላንድ ሐኪሞች ከተለመደው ያነሰ መጠን በመደበኛነት እየሰጡ መድማቱን ቀንሰውታል። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽንም በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው፣ አቅም ባነሰበት አገር ትንሹ መጠን እንኳ ምንም ካለመስጠት እንደሚሻል አስፍሯል። ፌዴሬሽኑ ፋክተር ለድሃ አገሮች ይለግሳል፤ በአገራችን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታማሚዎችን ያክማል። ግን ታማሚው ልጅ ካልታወቀ መድኃኒቱ ለማን ይሰጣል?

ወጣቶች፣ ከደብረ ማርቆስ ተምራችሁ የተመለሳችሁም፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆናችሁ የሽማግሌዎቹን ትዝታ በየቀበሌው መዝግቡ። ፋክተር በማይገኝበት ጊዜ ከለጋሽ ደም የሚወጣው ፕላዝማ ሕይወት ያቆያልና ደም ለግሱ። ዕድሮችም ለቀብር እንደምታዋጡ ሁሉ፣ አንድ እናት ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ደርሳ እንድትመለስ የመሳፈሪያ ገንዘብ መድቡ፤ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ።