የመጨረሻው መደብ

ዱቦ ገበያ የምወርደው ሊበተን ሲል ነው። ስኳር ድንች ሻጯ የተረፋትን ተሸክማ መመለስ ስለማትፈልግ ሁለቱን መደብ በአንዱ ዋጋ ትለቃለች። ሲቆፈር የተቆረጠ ቢሆን ግድ የለም፤ የሻገተውን ግን በነጻም አትውሰዱ።

ስኳር ድንችና ቆጮ ሆድ ይሞላሉ፤ ልጅ ግን በእነሱ ብቻ አያድግም። በነርስነት ዘመኔ እግሩ ያበጠ፣ ፀጉሩ የሳሳ ልጅ ያዘሉ እናቶች «ኧረ ጠግቦ ነው የሚያድረው!» ይሉኝ ነበር። አልዋሹም።

ስለዚህ በተረፋችሁ ብር ቦሎቄ ግዙ። ማታ ዘፍዝፉት፤ ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ በደንብ እስኪበስል ቀቅሉት። ስኳር ድንቹን ከትፋችሁ ጨምሩበት፤ ሊወጣ ሲል ከጓሮ አንድ እፍኝ የሽፈራው ቅጠል። ዘይት ካለ ጠብ አድርጉበት። ለሕፃኑ ከነመረቁ አድቅቁለት።