ቁስሉን የያዘ አባት፣ ሥራ ያጣ ነርስ

ወገን! በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ስንቱ ወታደር ቁስሉን ይዞ ቀዬው ገባ። ከ1992 በኋላ ደግሞ የባድመ ዘማች ተከተለ። ዛሬ ጉና ሥር ያለ አካል ጉዳተኛ አባት ቁስሉን ለማሳጠብ በክራንች ደብረ ታቦር ድረስ መምጣት አለበት? ከተማው ውስጥ እኮ ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥን ነርሶች አለን፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ ጋሼ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። እግራቸው ደንዝዞ ሚስማር ሲወጋቸው እንኳ አላወቁም። ያየሁት እኔ ነኝ። እግርን በየቀኑ ማየት ብቻ ስንቱን ከመቆረጥ ያድናል!

የሚመለከተው አካል ቤት ለቤት የሚዞር ነርስ ይቅጠር። እኛም እስከዚያ የሰፈራችንን ዘማች በር አንኳኩተን «እንዴት አደሩ?» እንበል። ጀግናን በፕሮፋይል ፎቶ ብቻ ማክበር ይብቃን!